የሰጎን ጉበትና የእህቴ ዓይን

እህቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጉበት ስትቆርጥ ኖራለች። ሥጋ ቤት አይደለም የምትሠራው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የእህትሽ ሥራ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ሁሉ መልሴን ሲሰማ ኪሎው ስንት ገባ ስለሚለኝ ነው። የምትሠራው የእንስሳት በሽታ በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የሞተ እንስሳ ጉበት፣ ሳንባ ወይም ኩላሊት በጥፍር ልክ ተቆርጦ፣ ሰም ውስጥ ተቀብሮ ይመጣላታል። እሷ ሰሙን ማሽኑ ላይ ታስራለች፣ መዘውሩን በቀኝ እጇ ታዞራለች፣ ምላጩ በየዙሩ አንድ ስስ ነገር ልጦ ያወጣል። ስስ ስላችሁ የሽንኩርት ልጣጭ እንዳይመስላችሁ። የሽንኩርት ልጣጭ እዚያ ክፍል ውስጥ ድንጋይ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ሁሉ “እትዬ ምላጭ” ነው የሚላት። እኔ እታለም እላታለሁ፤ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። እኔም እዚያው ነኝ። በሩ አጠገብ ካለችው መስኮት ተቀምጬ ናሙና እቀበላለሁ፣ ቁጥር እሰጣለሁ፣ መዝገብ እጽፋለሁ። የምንኖረው እናታችን በተወችልን ባለሁለት ክፍል ቤት ነው። እሷ አላገባችም፤ እኔ አግብቼ ተመልሻለሁ። ቀን አብረን ውለን ማታ አብረን እንገባለን። ሰዎች እንዴት ቻላችሁት ይሉናል። አልቻልነውም።

እታለም በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ማይክሮስኮፕ ውስጥ አይታ አታውቅም። ዶክተሮቹ ነይ እዪ ሲሏት የሷ ሥራ መቁረጥ እንደሆነ፣ ማየት ደግሞ የነሱ እንደሆነ ትነግራቸውና ወደ ማሽኗ ትመለሳለች። ኩራት ነው እንግዲህ። የቆረጠችው ነገር ተበላሸ ተብሎ አንድም ጊዜ ተመልሶባት አያውቅም፤ ይህንንም በቀን አንዴ ሳትነግረኝ አትውልም።

ከምላጩ የወጣው ስስ ነገር ለብ ያለ ውሃ ላይ ይጣላል። ውሃው ላይ ተዘርግቶ ሽብሽቡ ይፈታል፣ ከዚያ ከሥሩ መስታወት ይገባና ቀስ ተብሎ ይነሣል። አንዱ ተነሥቶ ሌላው ከመጣሉ በፊት የውሃው ፊት በወረቀት ይጠረጋል። ይህ የእታለም ሕግ ነው። ከፊተኛው ሥጋ የቀረች አንዲት ብናኝ ተንሳፋ ብትቆይ የሚቀጥለው ላይ ትለጠፋለች። ያኔ ዶክተሩ በላም ኩላሊት ውስጥ የዶሮ ሳንባ አገኘሁ ይልና መሳቂያ ይሆናል።

አሁን ወደ ሰጎኑ ልምጣ።

አንድ ዶክተር አለን፤ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ሲናገር እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ሰው። ከከተማው ዳር ካለው የሰጎን እርባታ በሞተ በታረደ ቁጥር ጉበት ያስመጣል። የሰጎን ጉበት በላስቲክ ባልዲ ሲመጣ የምቀበለው እኔ ነኝና ምን እንደሚፈልግበት ጠየቅሁት። ሆርሞን ማለት ደም ውስጥ ገብቶ የሚሄድ መልእክት ነው አለኝ። ያንን የሚሠሩ ሴሎች ቆሽት ውስጥ በገፍ አሉ፤ ጉበት ውስጥ ግን፣ ያውም እንዲህ ባለ ትልቅ ወፍ ጉበት ውስጥ፣ መኖር አለመኖራቸውን ነው የሚፈልገው። ቢገኙ ምን ይጠቅማል አልኩት። “መኖራቸው ይታወቃል” አለኝ። ለዚህ ሦስት ዓመት! እኔ ብሆን በሦስተኛው ሳምንት ጉበቱን ለድመት ጥዬ ቤቴ እገባ ነበር።

እሱ ግን አርባ ሰጎን አጠራቀመ። እታለም አርባውንም በተራ ትቆርጣለች፣ እሱ ቀለም ውስጥ ይነክራል፤ ሆርሞን የሚሠራው ሴል ካለ ቡናማ ይሆናል። ቀለሙ መሥራቱን ለማወቅ ደግሞ በየቀኑ አንድ የቆሽት ቁራጭ አብሮ ይቀባል፣ እዚያ ውስጥ መኖራቸው የታወቀ ነውና። እታለም ቆሽቱን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነበር የምትቆርጠው፤ ከቆሽቱ በኋላ ውሃው ይደፋል፣ የዕለቱ ሥራ ያበቃል።

ታዲያ በዚያው ዓመት የእታለም ዓይን ደከመ፤ መነጽሯም አልረዳት አለ። መጀመሪያ ያወቅሁት ሻይ ከስኒው አጠገብ ስትቀዳ ነው። ስኒውን አንቀሳቀስሽብኝ ብላ ቆጣችኝ። ቀጥሎ ደረጃ ሳተች፤ ደረጃውን ሰደበችው። ሥራው ላይ ግን ማንም አልነቃባትም፣ ምክንያቱም እሷ የምትቆርጠው በእጇና በጆሮዋ ነው። ምላጩ ሲደንዝ ድምፁ ይለወጣል፤ ሰሙ ሲሞቅ መዘውሩ ይለግማል። የማትችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ውሃው ላይ የቀረችውን ብናኝ ማየት አትችልም።

ለኃላፊያችን ንገሪ አልኳት። ወይ ፍንክች! ዓይኑ የደከመ ሰው ማሽን ላይ አይቀመጥም፤ ደንብ ነው። ጡረታዋ ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ እስከዚያ ጠርሙስ ማጠቢያ ክፍል ያስገቧታል። ከዚያ ማሽን ከተነሣሁ ምን ቀረኝ አለችኝ። እንዲህ ስትል ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረና አንጀቴን በላችው። ስለዚህ ተስማማን። እሷ አንዱን አንሥታ ውሃውን በጠረገች ቁጥር እኔ መዝገብ የማመሳክር መስዬ እገባለሁ፣ ውሃውን አያለሁ። ንጹሕ ከሆነ አንዴ አስላለሁ፤ ብናኝ ካለ ሁለቴ አስላለሁ። በዚያ ዓመት መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሳንባሽን ታዪ እያለ ሲመክረኝ ከረመ። ጽዳት ሠራተኛዋ ማር በዕቃ አምጥታልኛለች። ማሩን በልተነዋል።

ጉዱ የመጣው በኩርፊያ ነው። አንድ እሑድ የዓይን ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ለመንኳት። የዓይን ሞራ ከሆነ በግማሽ ሰዓት ቀዶ ሕክምና ይገፈፋል፣ ስንት ሰው ድኗል አልኳት። ዓይኔን በምላጭ አላስነካም አለች። ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ በምላጭ የኖረች ሴት ምላጭ ፈራች ብዬ ሳቅሁ። ፊቷን አዙራ ተነሣች። ከዚያ በኋላ አራት ቀን ትንፍሽ አላለችኝም። እኔም በሽቄ ነበር፤ ላስብላት ተነሥቼ የተኮረፍኩት እኔ! ሰኞም ማክሰኞም ረቡዕም እሷ ክፍል ሳልገባ ዋልኩ። ትጥራኝ፣ አልኩ። እሷ ደግሞ ቤቱ ቢቃጠልም ቀድማ የምትጠራ ሰው አይደለችም።

የአሥራ ሰባተኛው ሰጎን ጉበት የተቆረጠው ረቡዕ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዶክተሩ ኮሪደሩን በሩጫ አቋርጦ መስኮቴ ላይ ደረሰ። ያ ሲራመድ እንኳ ድምፅ የማያሰማ ሰው! ተገኙ አለኝ። በአሥራ ሰባተኛው ውስጥ አሉ፤ አንድ ሁለት አይደሉም፣ ጉብ ብለው ተሰብስበው፣ ቡናማ ሆነው። የሳይንስ ጉባኤው ማመልከቻ ሰኞ ይዘጋል፤ ሌሊቱንም ቢሆን ጽፎ ያደርሳል። ኃላፊያችን ሰሙና እሳቸውም ጮቤ ረገጡ። ለዓርብ ከሰዓት ሻይና ብስኩት ታዘዘ፤ ሠራተኛው በሙሉ ተሰብስቦ ግኝቱን እንዲያይ ተባለ።

እኔ እንኳን ደስ ያለህ ካልኩት በኋላ መዝገቤን ገለጥኩ። ለምን እንደገለጥኩት አላውቅም፣ እጄ ሄደ። የዚያን ዕለት ረቡዕ መስታወቶቹ በወጡበት ተራ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፤ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት፣ ቆሽት፣ አሥራ ሰባት። ክው አልኩ። ቆሽት መጨረሻ ላይ መሆን ነበረበት።

ወደ ክፍሏ ሄድኩ። ምንም ሳልጠይቃት፣ ገና በሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ “ውሃውን ጠርጌዋለሁ” አለችኝ።

የአሥራ ሰባት ሰም ለስልሶ ስላስቸገራት በረዶ ላይ መልሳ አስቀምጣው ነበር። እሱ እስኪጠነክር እጄን ለምን አጣጥፋለሁ ብላ ቆሽቱን ቆረጠች። ውሃውን ጠረገች፤ አንዴ ሳይሆን ሦስት ጊዜ። ግን አንዴም ሆነ ሁለቴ የሚያስላት ሰው አልነበረም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ምላጩን እየወለወለች፣ ቀና ሳትል ነው። ሁለታችንም ነገሩ ገብቶናል። የቆሽት ብናኝ ጉበቱ ላይ ተኝቶ ይሆናል፤ ላይሆንም ይችላል። ሰጎኑ የእውነት ሴሎቹ ኖረውትም ይሆናል።

እውነቱን ልናገር። ዝም እንበል ያልኩት እኔ ነኝ። ማን ያውቃል፣ ካወቀስ ማን ይጠይቃል፣ የሰጎን ጉበት ነው እንጂ የሰው መድኃኒት አይደለም አልኳት። አንድ ቃል ብትናገሪ ከማሽኑ ትነሻለሽ አልኳት። አላየሁትምና አላውቅም ብቻ አለች። እኔም እንደ እሺታ ቆጠርኩት።

ዓርብ ደረሰ። የዶክተሩ ክፍል ጠባብ ናት፤ አሥራ አንድ ሰው ገባንባት፣ የተረፈው በሩ ላይ ቆመ። ብስኩቱ ከፋይሎቹ ላይ ተቀምጧል። ኃላፊያችን ስለ ትዕግሥት ትንሽ ተናገሩ፤ ትንሽ ያሉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ዶክተሩ ወንበሩን ሳበና እታለምን ጋበዛት። “የቆረጡት እርስዎ ነዎት፤ መጀመሪያ የሚያዩትም እርስዎ ይሁኑ” አላት። እምቢ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት እምቢ ብላለች። ያን ቀን መነጽሯን አውልቃ ኪሷ ከተተችና ተቀመጠች።

ምንም አይታያትም ብዬ ነበር። ጥሩ ነው ብላ ትነሣለች፣ ብስኩት እንበላለን፣ ያልቃል። እሷ ግን ከማይክሮስኮፑ ጎን ያለችውን መዘውር አገኘች። መዘውር ማዞር ለሷ አዲስ ነገር አይደለም። ወደ ፊት አዞረች፣ ወደ ኋላ አዞረች፣ እንደገና ወደ ፊት። ከሥር የሚመጣው ብርሃን ብዙ ስለሆነ ይሁን፣ መዘውሩን በራሷ ዓይን ልክ ስላስተካከለችው ይሁን እንጃ፣ በመነጽር ያላየችውን እዚያ ውስጥ አየች። የዓይን ሐኪሙ በኋላ ምክንያቱን አስረድቶን ነበር፤ አልገባኝም።

ብዙ ቆየች። ሰው ሻዩ እየቀዘቀዘበት መቁነጥነጥ ጀመረ።

“ዶክተር፣ ና እስቲ” አለችው። “ጉበቱ ጥርት ሲል ቡናማው ይደበዝዛል። ቡናማው ጥርት ሲል ጉበቱ ይደበዝዛል። አንድ ሥጋ ቢሆኑ አብረው ነበር የሚጠሩት። ይሄ ከላይ የተኛ ነው። ቆሽት ነው።”

ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ አየ፤ መዘውሩን እሷ እንዳዞረችው አዞረ፤ ደጋግሞ አዞረ። ይህን ማየት የሚያቅተው ሰው አልነበረም። ግን ለሦስት ዓመት ሲፈልገው የኖረው ነገር ዓይኑ ሥር ሲመጣለት ማን መዘውር ያዞራል? ቀና ሲል ፊቱ ላይ ደም አልነበረም። ውሃው ሳይጠረግ ቀርቶ እንደሆነ በቀስታ ጠየቃት፤ ለሷ መውጫ በር ሊከፍትላት ይመስለኛል። ረሳሁት ብትል ኖሮ በአንድ ተግሣጽ ያልፍ ነበር።

“ጠርጌዋለሁ” አለች። “ግን ውሃው ላይ ያለውን አላይም። ዓመት ሆነኝ።”

ይህን ስትል እጇ አሁንም መዘውሩ ላይ ነበር። ከዚያ ብድግ ብላ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰችና በሰው መሀል አቋርጣ ወጣች። እኔም ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። የተናገርኩት ዶክተሩ ማመልከቻውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ መሳቢያ ውስጥ ሲከተው ነው። ስለ ሳሉ ነገርኳቸው፣ ስለ ኩርፊያው ነገርኳቸው፣ ያን ረቡዕ እልኸኛ ሆኜ መስኮቴ ሥር ተቀምጬ እንደዋልኩ ነገርኳቸው። ጽዳት ሠራተኛዋ ማሩ ትዝ ብሏት ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ማንም ብስኩቱን አልነካም። ሰኞ ጠዋት ግን ሳህኑ ባዶ ነበር።

ኃላፊያችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደንብ ግን ደንብ ነው። ሰኞ እታለም ከማሽኑ ተነሣች። ጠርሙስ ማጠቢያ ስትገባ የነጣ ጋውኗን አጣጥፋ ማሽኑ ላይ አልብሳው ሄደች። ያንን ሳይ አለቀስኩ፤ መስኮቱ ላይ አንድ ገበሬ የዶሮ ሬሳ ይዞ ቆሞ ነበር፣ ለዶሮዋ መሰለውና አጽናናኝ።

ዶክተሩ ለሁለት ሳምንት ከሰው ጋር አልተነጋገረም። ከዚያ አንድ ቀን መጥቶ አርባውም እንደገና ይቆረጥ አለ። አንዱ ላይ ብናኝ ካረፈ በሌላው ላይ አለማረፉን ምን አውቃለሁ ነው ያለው። የሉም ብሎ ለመጻፍም እርግጠኛ መሆን ያስፈልጋል። ቆራጭ ግን የለም። ኃላፊያችን መዝገብ ሲያገላብጡ፣ ከሃያ ዓመት በፊት እኔ በእታለም ሥር ሁለት ዓመት መቁረጥ ተምሬ እንደነበር አገኙ። ተምሬ ነበር፤ ትዕግሥት የለሽም ብላ ወደ መስኮቱ ያባረረችኝ ራሷ ናት። እንዲህ ሆኖ ማሽኑ ላይ እኔ ተቀመጥኩ። ከመሞት አይሻልም ነበር። ሰሙ ይሰነጠቅብኛል፣ ምላጩ ይጭርብኛል፣ ያወጣሁት ነገር ውሃው ላይ ሲወድቅ እንደ ሻሽ ይጠቀለላል።

እታለም በዚያው ወር ዓይኗን ታከመች። ማንም ሳይለምናት፣ አንድ ጠዋት ጫማዋን አድርጋ “ነይ እንሂድ” አለችኝ። ሐኪሙ ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። ሲወጣ እጁ ቀላል ነው ብላ አመሰገነችው፤ ከሷ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አንዱ ዓይኗ ከዳነ በኋላ ኃላፊያችን ከጠርሙሱ አስወጥተው ከውሃው አጠገብ ወንበር ሰጧት። ማሽኑን አልመለሱላትም፤ ሁለተኛው ዓይን እስኪታከም አይቻልም አሉ። ስለዚህ እኔ እቆርጣለሁ፣ እሷ ውሃውን ታያለች። ሳል ቀርቷል። “አለ” ትለኛለች፣ እጠርጋለሁ። “አሁንም አለ” ትለኛለች። አንዳንዴ እኔ ምንም አይታየኝም፤ እልህ ተጋብታ ይሆናል እላለሁ። ጎንበስ ብዬ በብርሃን በኩል ሳይ ግን አለ።

ከአንድ እስከ ሠላሳ የለም። ዶክተሩ በየቀኑ ያያል፣ በየቀኑ የለም ብሎ ይጽፋል። አሥራ ሰባትም የለም። ሠላሳ አንደኛውን በቆረጥኩ ሳምንት ከእታለም ጋር ተጣልተን ነበር፤ ምላጭ አያያዝሽ ድንች እንደሚልጥ ሰው ነው ብላኛለች። ቤት ከተኳረፍን ሦስት ቀናችን ነው። ቢሆንም ውሃው ዘንድ እንነጋገራለን። ይህን ተማምለን አይደለም፤ እንዲሁ ሆነ። አለ ትለኛለች፣ እጠርጋለሁ፣ ይነሣ ትለኛለች፣ አነሣለሁ፣ ከዚያ ቤት ስንገባ እንደገና እንኮራረፋለን።

ሠላሳ አንደኛውን ያየ ዕለት ዶክተሩ ወደ ክፍላችን የመጣው በእርምጃ ነው። ፊቱ ላይ ደስታም ኀዘንም አልነበረም። “እትዬ፣ አንድ ጊዜ ቢያዩልኝ” አላት። ዓይኑን ማመን ትቷል፣ ያስታውቃል። እሷ ተነሥታ ተከተለችው። እኔም ሥራዬን ትቼ ተከተልኩ፤ ማንም አልጠራኝም።

ተቀመጠች። መዘውሩን ወደ ፊት አዞረች፣ ወደ ኋላ አዞረች፣ ወደ ፊት አዞረች። እሱ እጁን ኪሱ ከትቶ ግድግዳውን ያያል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው እሷ ሆና የሚፈረድበት እሱ ይመስላል።

“ይሄ የራሱ ነው” አለች። “አብሮ ይጠራል፣ አብሮ ይደበዝዛል።”

ዶክተሩ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። አንዴ አፍንጫውን ጠረገ። እታለም ከማይክሮስኮፑ ላይ ቀና ሳትል፣ ለሦስት ቀን ያልጠራችኝ እህቴ፣ ነይ አንቺም እዪው አለችኝ። ጎንበስ አልኩ። ሐምራዊ የሆነ ሰፊ ነገር፣ መሀሉ ላይ ቀጭን ቱቦ፣ ከቱቦው ግድግዳ ውስጥ አንዲት ቡናማ ነጥብ። አንዲት! ይቺ ብቻ ናት ወይ አልኳት። ይቺ ብቻ ናት አለች። መዘውሩን ራሴ አዞርኩት። ነጥቧ ከጉበቱ ጋር ጠፋች፣ ከጉበቱ ጋር መጣች።

“ጥሩ ቆርጠሽዋል” አለችኝ።

ወደ ክፍላችን ተመልሰን ሠላሳ ሁለትን ከበረዶው ላይ አነሣሁ። ሦስት ዙር እንዳዞርኩ፣ እሷ ውሃው ላይ ጎንበስ እንዳለች፣ አለ አለችኝ። ጠረግሁ።